ከውሃው ዳር ይጀምሩ

ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ የባሮን ወንዝ የምታዘው አጓ ናት ብዬ አምን ነበር። ሰማይንና ምድርን የፈጠረው አላህ መሆኑን አባባ ነግሮኛል፤ በዚህ አልተከራከርኩም። ወንዙን ግን ለአጓ እንደተወላት በገዛ ዓይኔ ስላየሁ ማንም ሐሳቤን ሊያስለውጠኝ አይችልም ነበር።

አጓ ጎረቤታችን ናት። አባባ ጋምቤላ ውስጥ፣ ከወንዙ እምብዛም የማይርቅ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ አቡጀዲና የዓሣ መንጠቆ ይሸጥበታል። እኛ የምንኖረው ከሱቁ ጀርባ ነው። ከጓሯችን አጥር ማዶ የአጓ ሁለት የሣር ጎጆዎች አሉ። ከጎጆዎቹ ወዲያ አንድ ትልቅ ሾላ ቆሟል፤ ከሾላው ወዲያ ደግሞ መሬቱ ቁልቁል እየወረደ ሄዶ ባሮ ውስጥ ይገባል። አጓ ቁመቷ ከአባባ ይበልጣል። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ቁልቁለት ላይ በምታበቅለው በቆሎ ነበር። የአፍ መፍቻዋ አኙዋክኛ ነው። አማርኛን የለመደችው በሱቃችን ደጃፍ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ትላለች፤ እማዬ አንድም ቀን አላረመቻትም።

እማዬ፣ ከይሪያ፣ የአጋሮ ልጅ ናት። አባባን አግብታ ወደ ቆላ ስትወርድ የጎመን፣ የቃሪያና የቲማቲም ዘር ከእናቷ ጓሮ በጨርቅ ቋጥራ ይዛ መጣች። የጓሮ ነገር ይሆንላታል፤ እንደሚሆንላትም ታውቃለች። መደቡን በዶማ ቆፍራ፣ ጓሉን በእጇ እየፈረከሰች አለስልሳ፣ ፍግ በትና፣ ችግኙን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ታስቀምጠዋለች። ክረምት ላይ ጓሯችን ሰው ቆሞ የሚያየው ነበር። በጋው ሲገፋ ግን፣ ከጥር ወዲያ፣ የጋምቤላ ፀሐይ ከማንም ጋር አይደራደርም። እማዬ ጠዋትና ማታ በባልዲ ታጠጣለች። ጎመኑ ጠዋት ቀና ይላል፣ ቀትር ላይ ይተኛል፣ በሳምንቱ ከተኛበት አይነሳም።

ይህ የምነግራችሁ በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት የሆነ ነገር ነው። አንድ ጠዋት አጓ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ የእማዬን መደብ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ሙሚና እናት፣ ይሄ ሞተ» አለች። ሙሚና እኔ ነኝ።

«አዎ፣ ሞተ» አለች እማዬ፣ ባልዲውን እንደያዘች።

«አንተ ውሃ ያመጣል፣ ፀሐይ ይጠጣል። ሁልጊዜ። ና ወደ ታች።»

ወረድን። ከሾላው በታች ያለውን ዳገት ያን ቀን እንዳየሁት አድርጌ ልነግራችሁ ብችል ደስታዬ ነበር። ከላይ፣ ሾላው ሥር ባለው ደልዳላ መሬት ላይ፣ ፍሬው የተሰበሰበ በቆሎ አገዳው ደርቆ ቆሟል። ዝቅ ሲል ጸጉሩ የጠቆረ እሸት አለ። ከዚያ በታች ገና ጸጉር እያወጣ ያለ። ከዚያ በታች እስከ ወገቤ የሚደርስ። ከዚያ እስከ ጉልበቴ። ከዚያ ሁለት ሁለት ቅጠል ብቻ ያወጣ። ከሁሉ በታች ባዶ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ጭቃ፤ ከዚያ ውሃው። አንድ በቆሎ ከተወለደበት ቀን እስከሚሞትበት ቀን ያለውን ዕድሜ በአንድ ቁልቁለት ላይ ተደርድሮ አየሁት። ሽቅብ ስሮጥ ያረጃል፣ ቁልቁል ስሮጥ ልጅ ይሆናል። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም፤ እማዬ ጠርታኝ ጠርታኝ ተወችኝ።

አጓ ከታች፣ ለጭቃው ቅርብ የሆነ ቁራሽ መሬት ለእማዬ ሰጠቻት። «ያንተ ነው፣ ዘንድሮ» አለች። እማዬ በደስታ ዶማዋን አመጣችና እንደ አገሯ ደንብ ቆፍራ፣ አለስልሳ፣ መደብ አበጅታ ዘራች። አጓ ከጎን ቆማ ዝም ብላ አየቻት። በአምስተኛው ቀን የእማዬ መደብ እስከ ሥሩ ደርቆ አመድ ሆነ። ከእሱ አጠገብ፣ ማንም ያልቆፈረው መሬት ላይ፣ የአጓ በቆሎ ብቅ ብሎ ያያታል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች እማዬ።

«አንተ ደስ ብሎታል» አለች አጓ። ከዚያ አንድ ጫፉ የሾለ ዱላ አንስታ መሬቱ ላይ ቀጥ አድርጋ ወጋችው፣ ጨቆነችው፣ ነቀለችው። «አይቆፈርም። መሬት ክዳን አለው። ክዳን ከከፈተ ውሃ ይሄዳል። ትንሽ ቀዳዳ፣ ዘር፣ ዝጋ። በቃ።» ወደ እኔ ዞረች። «እጅ አስገባ።»

እጄን እስከ ክርኔ ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩ። ላይኛው መሬት እግሬን ያቃጥለኛል፤ ከሥሩ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ጣቶቼን ይዞ የሚጠባ መሰለኝ። ፀሐይ ያላገኘው ሌላ ወንዝ ከእግራችን ሥር ተኝቷል ማለት ነው። ፈራሁ፤ ግን እጄን አላወጣሁም። ኋላ ግብርና ኮሌጅ ገብቼ አስተማሪያችን ደለል መሬት እርጥበት እንዴት እንደሚይዝ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ሲያስረዳ፣ ክፍሉ ውስጥ እጇ የቀዘቀዘ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ታዲያ አጓ ወንዙን ታዘዋለች ያልኩት እንዲህ ነው። ማታ ማታ ልክ ውሃው ጫፍ ላይ አንድ ቀጭን እንጨት ትተክላለች። ጠዋት ስንወርድ ውሃው እንጨቱን ትቶ አንድ ወይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዷል። አጓ በተለቀቀው ጭቃ ላይ አዲስ መስመር ትዘራለች። ስትዘራ ደግሞ በቋንቋዋ ዝግ ባለ ድምፅ ታዜማለች፣ ፊቷን ወደ ወንዙ አድርጋ። ዘሯን ስትጥል ወንዙ ያፈገፍጋል፤ ወንዙ ሲያፈገፍግ ዘሯን ትጥላለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ያ ሁሉ አዞና ጉማሬ ያለበት ውሃ፣ ሰው በታንኳ እንኳ ሲሻገር ቢስሚላህ የሚልበት ውሃ፣ ለአንዲት ሴት ዜማ መንገድ ይለቅ ነበር። አጠገቧ ስቆም ትንፋሼን እይዝ ነበር። ዜማው የሚሲዮን መዝሙር እንደነበረ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው፤ አጓ ጴንጤ ነበረች፣ እሁድ የዘመረችውን ሰኞ መሬት ላይ ትደግመዋለች። ወንዙም በጋ ስለሆነ እንጂ ለማንም ብሎ አልጎደለም።

እማዬ ቶሎ ለመደች። ዶማዋን ቤት አስቀምጣ በዱላ ዘራች። ጎመኗ፣ ቲማቲሟ፣ ከአጓ የተማረችው ባሚያና ዱባ፣ ሁሉም ያለ አንድ ባልዲ ውሃ ተነሳ። በየካቲት፣ ከተማው በሙሉ በአቧራና በሙቀት ሲቃጠል፣ እኛ ቤት በየቀኑ እርጥብ ጎመን ይበላ ነበር። እማዬ እንደዚያን ጊዜ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሁለቱ ሴቶች ጭቃው ላይ ጎን ለጎን አጎንብሰው፣ አንዷ ቀዳዳውን ትወጋለች፣ ሌላዋ ዘሩን ትጥላለች፤ እኔ ወፍ እጠብቃለሁ።

ችግሩ የጀመረው አባባ ጎመኑን ወዶት ነው።

አባባ፣ ሳኒ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ማታ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ መጀመሪያ እኔን ይፈልጋል፤ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከረሜላ ይሰጠኝና «እህ፣ ዛሬ ምን ወሬ አለ?» ይለኛል። እኔም ሆዴ ውስጥ ነገር የማያድር ልጅ ስለነበርኩ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ እማዬ ማንን ምን አለች፣ አንድ ሳላስቀር እዘከዝክለታለሁ። ከረሜላው ባይኖርም እነግረው ነበር።

አንድ ምሽት እራት ላይ ግን ወሬውን ያመጣው እሱ ነው። ሞተር ስለሚባል ውሃ ወደ ላይ የሚስብ ነገር ተናገረ፤ ሙዝ አለ፣ ፓፓያ አለ፣ ጎሬ ድረስ በጭነት መኪና አለ። ከዚያ «መሬቱ እንደሆነ ባለቤት የለውም» አለ።

«የአጓ ነው» አለች እማዬ።

«የት ተጽፏል? ግብር የከፈለችበት ደረሰኝ አላት? የአውራጃ ግዛቱን ቢሮ ጠይቄያለሁ። የመንግሥት መሬት ነው፣ ለሚያለማ ሰው ይመራል ብለውኛል። ማን እያለማው ነው አሉኝ፤ ባለቤቴ አልኳቸው። ውሸት ነው?»

እማዬ እጇን ከትሪው አነሳች። «እኔ የተከልኩት እሷ ሰጥታኝ ነው።»

«እሱማ ጥሩ ነው። ለአንድ ሰው የሚመሩት አንድ ቀላድ በአንድ ቀላድ ነው። በመጋቢት ቀያሹ ይመጣል።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አባባም እንደኛ ጓሮ ሊሠራ መሆኑን ነው። ደስ አለኝ። ቀላድ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ የመለኪያ ገመድ ነው አለኝ። መስመራችን ቀጥ እንዲል በገመድ ሊያሰምሩልን ነው ብዬ ተኛሁ። እማዬ የቀረበላትን ሳትበላ መነሳቷን አይቻለሁ፤ ሆዷን አሟት ይሆናል አልኩ። በገዛ እጇ ያበቀለችው ጎመን ጎረቤቷን ከመሬቷ የሚያስነቅል ማስረጃ ሆኖ እንደቀረበባት የገባኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። አጓ ያንን ዳገት ካጣች ሁለቱን ልጆች የምትመግብበት ሌላ መሬት አልነበራትም።

እማዬ ሁለት ቀን ወደ ታች አልወረደችም። በሦስተኛው ቀን ወረደችና አጓን በቆሎው መሃል ወስዳ አነጋገረቻት። እኔን «ሂጂ ወፍ አባሪ» አሉኝ። ከሩቅ አየኋቸው። እማዬ ታለቅሳለች፤ አጓ አታለቅስም። አጓ ሽቅብ ወጣችና ከሾላው በታች፣ ከፍ ብሎ ባለው የገደል አፍ ላይ፣ አፈሩ ቀለሙን የለወጠበትን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ እጇን ከዚያ አንስታ እስከ ወንዙ ድረስ ቀስ ብላ በአየር ላይ አወረደችው። እማዬ እንባዋን ጠረገች። ምን እንዳወሩ ማታ አባባ ሲጠይቀኝ «ስለ በቆሎ ቁመት» አልኩት፤ እኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ቀያሹ የመጣው በመጋቢት አጋማሽ ነው፤ ባሮ በዓመቱ ከሁሉ ጊዜ ያነሰበት፣ ሕፃን ሳይቀር አቋርጦ የሚሄድበት ሰሞን። አባባ ለዕቃ ጉዳይ ኢታንግ መሄድ ነበረበት። ከመሄዱ በፊት እማዬን ሦስት ጊዜ መከራት። «ከሾላው ሥር ጀምረው ወደ ታች ይለኩ። ደልዳላውን ነው የምፈልገው። ከሾላው ሥር፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አለች እማዬ። እኔም ሰምቻለሁ።

ቀያሹ አቶ አሸብር ይባላል። ከደጋ ከመጣ ሳምንቱ ነው፤ የካኪ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዟል፣ ገመድ የሚይዝለት ባልደረባው በወባ ተኝቶበታል። ጥሩ ሰው ነበር፤ ለእማዬ እጅ ነሳ፣ የእኔን ጉንጭ ነካ አደረገ፣ በጥላው ሥር ሆኖ «ለመሆኑ እዚህ አገር ሰው እንዴት ይኖራል?» አለ።

«እንለምደዋለን ጌታዬ» አለች እማዬ።

«ከየት ልጀምር ታዲያ? ባለቤትዎ እርስዎ ያሳዩኛል ብለዋል።»

እማዬ ሾላውን አላየችም። ቁልቁል ወረደች፤ ተከተልናት። የራሷን ጎመን አለፈች፣ ሁለት ቅጠል ያወጣውን የአጓን በቆሎ አለፈች፣ እግሯን ውሃው እስኪነካው ድረስ ሄዳ ቆመች።

«ከውሃው ዳር ይጀምሩ» አለች። «ምርጡ መሬት እዚህ ነው። ይዩት፣ ጥቁር ነው። ወደ ላይ ያለው አሸዋ ነው።»

አሸዋ አይደለም። ወደ ላይ ያለውም ጥቁር ነው፤ እኔ በየቀኑ የምሮጥበት ነው። አባባ ደግሞ ከሾላው ሥር ነው ያለው። እማዬን ቀና ብዬ አየኋት፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ያኔ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። የአጓን አዲሱን፣ ለምለሙን፣ ገና ትናንት ከወንዙ የተቀበለችውን መሬት ለራሷ ልትወስድባት ነው። መሬት የሰጠቻትን ሴት እማዬ ልትቀማ ነው።

አቶ አሸብር እንኳ ትንሽ አመነታ። «ክረምት ላይ ውሃው እዚህ አይደርስም?»

«ትንሽ ከፍ ይላል» አለች እማዬ።

ገመዱን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ አጓ መጥታ አንዱን ጫፍ ይዛ ነበር። ውሃው እስከ ቅልጥሟ ድረስ ነው። አቶ አሸብር ወደ እሷ ዞረ። አጓ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል የዘር ፍሬ የምታህል ክፍተት አሳየችው። «ትንሽ» አለች።

ገመዱ ከውሃው ተነስቶ ዳገቱን ወጣ፤ የአጓን አምስት መስመር በቆሎና የእማዬን ጎመን አቋርጦ ከግማሹ ላይ ቆመ። ሾላው ከላይ ሩቅ ነበር። አቶ አሸብር አራቱን ማዕዘን ችካል መታበት። ወረቀቱን ጃንጥላው ሥር ጻፈ፣ እማዬ አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ አተመች። ለምስክርነት አጓን ሲጠራት የቀለሙን ሣጥን አቀረበላት፤ እሷ ግን እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀብላ ስሟን ጻፈች። አቶ አሸብር ገረመው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ መሬቷን ሲወስዱባት ገመዱን ራሷ ይዛ፣ ፈርማ፣ አንዲት ቃል አለመናገሯ። ይህች ወንዝ የምታዝ ሴት እናቴን እንዴት ዝም ትላታለች?

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋችልኝ። አልያዝኩትም። ከኋላዋ አምስት እርምጃ ርቄ ሄድኩ።

አባባ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። በቀጥታ ወደ ወንዙ ወርዶ ችካሎቹን አየ። ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል።

«ከይሪያ፣ ከሾላው ሥር አላልኩሽም?»

«እኔ የምተክለው ታች ነው» አለች እማዬ፣ ሽንኩርቷን መላጥ ሳታቋርጥ። «ጥሩው መሬት እሱ መሰለኝ።»

«መሰለኝ? ስምንት ዓመት እዚህ ስትኖሪ ይህ ወንዝ የት እንደሚደርስ አላየሽም? ወይስ ከዚያች ሴት ጋር መክራችሁ ነው?»

እማዬ ሌላ ሽንኩርት አነሳች። አባባ ወደ እኔ ዞረ። ከረሜላ አልነበረም፤ ጭኑ ላይም አላስቀመጠኝም። ጎንበስ ብሎ ዓይኔን እያየ፣ «ሙሚና፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምን ሆነ?» አለኝ።

ከትናንት ጀምሮ ያመቅኩት ሁሉ ወጣ። «እማዬ ስግብግብ ናት» አልኩት እያለቀስኩ። «ምርጡ እዚህ ነው አለች። የአጓን ጥሩ ጥሩውን በቆሎ ወሰደችባት። አጓ ምንም አላደረገቻትም። እኔ ከእሷ ጋር አልተኛም። እናቴ አይደለችም።»

አባባ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ትከሻው ወረደ። ሳቅ የሚመስል ነገር ሳቀ። «ጎመን» አለ። «አንድ ቀላድ ጎመን ስታይ ዓይኗ ጠፋ።» በሳምንቱ ቢሮ ሄዶ እንዲለወጥለት ጠየቀ። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚመራው፣ በመዝገብ ገብቷል፣ ቀያሹም ወደ ጎግ አልፏል አሉት። ሞተሩ ቀረ። አባባ ስለ እማዬ መጥፎ ነገር ዳግም አልተናገረም፤ ለብዙ ጊዜ ግን ጎመን ሲቀርብለት ወደ ሌላ ያይ ነበር።

አጓ እንደ ወትሮዋ ከእማዬ ጋር ትሠራ ነበር። የታችኛውን በቆሎ በእሸትነቱ ቶሎ ቶሎ ሸለቀቀችው፤ እማዬ ከእሷ ጋር ተሸከመች። እኔ ሩቅ ሆኜ ጠበቅኩ። አጓ አንድ ነገር እንደምታደርግ እርግጠኛ ነበርኩ።

አደረገችው።

ግንቦት ገብቶ ነበር። ጋምቤላ ላይ ገና አልዘነበም፤ ወደ ጎሬ በኩል ያለው ተራራ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አጉረመረመ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ሽታ ነው። እርጥብ የደጋ አፈር ሽታ፣ የበሰበሰ ቅጠል ሽታ፣ ቤታችን ድረስ። ሮጬ ወጣሁ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ሾላው ሥር ደረስኩ። ትናንት ጠጠሩ የሚታይበት ንጹሕ ውሃ የለም። ቀይ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ቀይ፣ አረፋ ተሸክሞ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ ከሥሩ የተነቀለ ዛፍ ከነቅጠሉ ቆሞ ሲሄድ አየሁ። ድምፅ አለው፤ በጆሮ ሳይሆን በእግር የሚሰማ ድምፅ። መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አጓ ከገደሉ አፍ ላይ ብቻዋን ቆማለች። እያዜመች ነው።

ውሃው ወደ እሷ ይወጣል። ሲወጣ ይታያል። መጀመሪያ ባዶውን ጭቃ ዋጠ። ከዚያ የበቆሎውን አገዳ በጉልበቱ ያዘው፣ በወገቡ ያዘው፣ አስተኛው። የታችኞቹ ሁለት ችካሎች ሄዱ። ረፋድ ላይ ሦስተኛው ትንሽ ተወዛወዘና እንደ ቡሽ ብቅ አለ። ቀትር ላይ አራተኛውም የለም። የእማዬ ጎመን፣ የአባባ ቀላድ፣ የቀያሹ መስመር፣ ሁሉም ባሮ ሆነ። ውሃው አሁንም ጨምሮ ወጣ፤ አፈሩ ቀለሙን የለወጠበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከአጓ እግር አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ፣ ቆመ። ከዚያ በላይ ያለው ደልዳላ መሬት፣ ሾላው፣ ጎጆዎቹ፣ አንድ ጠብታ አልነካቸውም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። ተንበርከኪ ብትለኝ እንበረከክ ነበር። አጓ ዞራ አየችኝና፣ «በላህ?» ብቻ አለችኝ። «ሂድ፣ ብላ።»

ሮጬ ለእማዬ ነገርኳት። «አጓ ወንዙን አመጣችብሽ» አልኳት። «ስለወሰድሽባት ነው። ሁሉንም በላው።»

እማዬ እሳቱን እያነደደች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ልትለኝ አፏን ከፍታ እንደነበር አስታውሳለሁ።

«አዎ» አለች። «አመጣችብኝ።»

በዚያው ተውነው። ከተማው አባባን አልተወውም፤ ሰላምታ ሲሰጡት «ሳኒ፣ ርስትህ ዘንድሮ ስንት ዓሣ ሰጠ?» ይሉት ነበር። በጋ ሲመለስና ባሮ ሲያፈገፍግ ችካሉም የለም፣ ዳገቱም ቅርጹ ሌላ ነው፤ አጓ በዓይኗ ለክታ እንደገና ቆረሰችው፤ ለእማዬም ድርሻዋን ሰጠቻት። በአራተኛው ዓመት ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተባለ፣ የአባባ ወረቀት የትም ገባ።

አባባ ካለፈ በኋላ፣ እኔ አርባ ሊሞላኝ ሲል፣ እማዬን ልጠይቅ ሄድኩ። የካቲት ነበር። ወንዙ ዳር የቲማቲም ችግኝ ስታሳሳ አገኘኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። አጓ ትንሽ ከፍ ብላ ከልጅ ልጇ ጋር ትዘራ ነበር። እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ በልጅነቴ አጓ ወንዙን ታዛለች እል እንደነበር ነገርኳት። እማዬ ሳቀች። ከዚያ ደልዳላውን እያየች፣ ዳገቱ ላይ ውሃው በየዓመቱ እስከ የት እንደሚደርስ አጓ በበቆሎው መሃል ያሳየቻትን ቀን ነገረችኝ፤ ቀላዱን ከታች ካስጀመሩት ውሃው ከሚደርስበት መስመር እንደማያልፍ፣ ክረምት ሲመጣም ወንዙ እንደሚወስደው ሁለቱ ተስማምተው እንደነበረ።

አፈርኩ፤ አርባ ዓመት ሊሞላኝ እንደ ልጅ አፈርኩ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ አባትሽ ሲጠይቅሽ ምን ትይው ነበር?»

አንድ ሳላስቀር እዘከዝክለት ነበር።

«እኔንማ አላመነኝም ነበር» አለች። «መክራችሁ ነው አለ እኮ። ልቡ አውቆታል። ከዚያ አንቺን አየ። እንደዚያ ሆነሽ ስታለቅሺ፣ እንደዚያ ስትጠይኝ ሲያይ ጊዜ ነው የተወው። ልጅ እንደዚያ አትዋሽም። ያን ቀን የአጓን መሬት ያዳንሽው አንቺ ነሽ፤ እሱ እንዲሆን ደግሞ እኔን መጥላትሽ ግድ ነበር።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ እጅሽን አልያዝኩም፣ እማዬ።»

«ሦስት አይሞላም» አለች፣ ችግኙን ከጭቃው ሳትነቅል ቀና ብላ። «ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ነው። ለዒድ ልብስ ልንገዛ ስንሄድ ገበያው መሃል ሰው ሲበዛብሽ መጥተሽ ያዝሽኝ። ቀኝ እጄን ነው።»

እኔ ያን ቀን አላስታውሰውም።